ሞተሩን ለምን እንደማልልክልህ

አዲስ አበባ፣ መርካቶ
እሑድ፣ ሐምሌ 14 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለኢክራ አባት
ጅማ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላህ። ጤናህ እንዴት ነው፣ ሥራህ እንዴት ነው እያልኩ ወረቀቱን አልሞላም። ደህና መሆንህን ከጅማ ቡና ጭነው የሚመጡት ሾፌሮች ነግረውኛል፤ አልሐምዱሊላህ። ይህን የምጽፍልህ ከሆስፒታል ነው። ከኢክራ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ፣ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ እየጻፍኩ ነው። እንዳትደነግጥ አስቀድሜ ልንገርህ፤ ልጅህ አለች። ደህና ናት ግን አልልህም። አፍንጫዋ ላይ የኦክስጅን ቱቦ ተደርጎላት ተኝታለች፤ ስትተነፍስ ደረቷ አሁንም ሲጥ ሲጥ ይላል። ሐኪሙ እስከ ነገ እንያት ብሏል።

በመጨረሻው ደብዳቤህ ሞተሩን በአይሱዙ አስጭኜ እንድልክልህ ጠይቀኸኝ ነበር። መልሴ ከታች አለ። መልሱ ብቻውን ቢደርስህ ግን እልኸኛ ትለኛለህ፤ ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። እስከ መጨረሻው ሳታነብ አጣጥፈህ ኪስህ እንዳትከተው፤ አመልህን አውቀዋለሁ።

በግንቦት ሳሏ እንደባሰባት በስልክ ስነግርህ «ልጅ ያስላል፤ ዝንጅብል በማር ስጫት» አልከኝ። ሰጠኋት። ሳሉ ግን ተራ ሳል አልነበረም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቅ ውስጥ ጆንያ እያሰርኩ ዞር ስል፣ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ትከሻዋ ጆሮዋ ድረስ ወጥቶ፣ ትንፋሽ ለመሳብ ስትታገል አየኋት። አልጮኸችም፤ የምትጮኽበት አየር አልነበራትም። በርበሬ በረንዳ በጭነት መኪና ተዘግቶ ስለነበር ታክሲ ማግኘት የማይታሰብ ሆነ። በተሸካሚ ጀርባ ነው ጤና ጣቢያ የደረሰችው። ነርሷ መርፌ ወግታ፣ በአፍ የሚነፋ መድኃኒት ሰጥታ ስታበቃ «አስም ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ ከዘገያችሁ ግን አትደርሱላትም» አለችኝ። «በሚቀጥለው ጊዜ» ነው ያለችኝ። «ምናልባት ከተመለሰባት» አላለችም።

ከዚያ ቀን በኋላ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ያ ሰዓት ሲመጣ ልጄን ከበርበሬ በረንዳ በምን አወጣታለሁ? እዚያ መኪና ሲገባ ሲወጣ ግማሽ ቀን እንደሚፈጅ አንተም ታውቀዋለህ። ቀጭን ነገር ካልሆነ አያልፍም። ታዲያ መጋዘኑ ጥግ፣ ከዛላ በርበሬው ጆንያ ጀርባ የቆመውን ሞተርህን አየሁት። አንተ ከሄድክ ወዲህ ማንም አልነካውም ነበር።

ከጎረቤቴ ከጠሂራ ሱቅ ደውዬ እንዴት እንደሚነሣ ስጠይቅህ ሳቅክብኝ። ከዚያ ግን እንደ ቁርኣን መምህር አንድ በአንድ አስጠናኸኝ። የቤንዚን መክፈቻውን ክፈቺ፤ ቾኩን ሳቢ፤ ቁልፉን ሳታዞሪ ሁለቴ ርገጪ፤ ከዚያ ቁልፉን አዙረሽ አንዴ ከልብሽ ርገጪ፤ ሲሞቅ ቾኩን መልሺ። ስልኩን ልትዘጋ ስትል ደግሞ «የቤንዚን መያዣው፣ የሰልባትዮው ክዳን ላይ ያሰርኩትን ፌስታል እንዳታወልቂ፤ ብትፈቺውም መልሰሽ ጠበቅ አድርገሽ እሰሪው። የበርበሬ ብናኝ ቤንዚኑ ውስጥ ከገባ ካርቡራተሩ አለቀለት» አልከኝ። እሺ አልኩህ። ባል ያዘዘውን አትፈጽምም እንዳትለኝ፣ ይህን እንደ አደራ ነው የያዝኩት።

ያልከውን ሁሉ አደረግሁ፤ ሞተሩ ግን ንቅንቅ አላለም። እግሬ እስኪዝል ረገጥኩ። የበረንዳው ሰው ቆሞ ያየኛል፤ አንዳንዱ ይመክራል፣ አንዳንዱ ይስቃል። በመጨረሻ ሁለት ተሸካሚዎች እየገፉልኝ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በኩል ወዳለው ወደ ጋሽ ፈለቀ ጋራዥ ወሰድኩት። ጋሽ ፈለቀን ታውቀዋለህ፤ ምላሱ ከእጁ ይፈጥናል። የአየር ማጣሪያውን ፈትቶ መሬት ላይ ሲያራግፈው ቀይ አቧራ ቦግ ብሎ ተነሣና ጋራዡ በሙሉ ማስነጠስ ጀመረ። እሱ እንባውን እየጠረገ «ይሄ ሞተር ነው ወይስ የወጥ ድስት?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። በማጣሪያው ላይ እንደ ሊጥ የተጋገረውን አቧራ እያየሁ የማስበው ስለ ልጄ ደረት ነበር።

ካርቡራተሩን ፈታው። የከረመው ቤንዚን ውስጡ ደርቆ ሙጫ ሆኗል፤ ቤንዚን የሚያልፍባት መርፌ የማታስገባ ቀዳዳ ተደፍናለች። በቀጭን ሽቦ ጠረጋት፣ በአፉ እፍ አለባት፣ በቤንዚን አጠባት። ካንዴላውንም ለወጠው። አዲስ ቤንዚን ሞልቶ አንዴ ሲረግጠው ተነሣ። እዚያው ጋራዡ በር ላይ እየጮኸ ቆየ፤ ድምፁን አንተ ከሄድክ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ወደ መጋዘኑ አስመልሼ፣ እንዳዘዝከኝ ፌስታሉን ክዳኑ ላይ አልብሼ፣ ከጎማ ከመነዳሪ በተቆረጠው ላስቲክ ጠበቅ አድርጌ አሰርኩት።

በማግስቱ ጠዋት በደንብ ተነሣ። ጋሽ ፈለቀ እንዳሳየኝ ቀስ እያልኩ ነድቼ የበረንዳው መታጠፊያ ጋ ስደርስ ግን እንክ እንክ ብሎ ጠፋ። ብረግጠው እምቢ አለ። ትንሽ አርፌ ስረግጠው ተነሣ፣ ጥቂት ሄደና ደግሞ ጠፋ። እየገፋሁ ጋሽ ፈለቀ ዘንድ ተመለስኩ። እሱ ክዳኑን ከፍቶ ቤንዚኑን አየ፣ ካርቡራተሩን ዳግመኛ ፈትቶ ተንሳፋፊውን አስተካከለ፣ ቆሞ ሲሠራ እንዳይጠፋ ሚኒሞውን ከፍ አደረገ፤ ሞተሩ እንደ ሰዓት ሠራ። ቤት ወስጄ ፌስታሉን አሰርኩ። በማግስቱ እንደገና ጠፋ።

ይህ ነገር ተመላለሰ። በእሱ እጅ ይሠራል፣ በእኔ እጅ ይጠፋል። መርካቶ ጭር በሚልበት በእሑድ ጠዋት መንዳት ሲያስተምረኝ ደግሞ ሁልጊዜ ቤንዚን ሞልቶ ስለሚጀምር አንድ ጊዜም ጠፍቶብን አያውቅም። ሰኞ ብቻዬን ሳወጣው ይጠፋል። ጋሽ ፈለቀ በካቻቢቴው ጭንቅላቱን እያከከ አሰበ አሰበና መልስ አገኘ። «እህቴ፣ አንዳንድ ሞተር አለ፣ ሴት አይወድም» አለኝ። ጠሂራ ደግሞ ዐይን ነው አለችኝ፤ ሴት ሞተር ላይ ስትወጣ ያየ ሁሉ ማሻአላህ አይልም፣ ቁርኣን ይቀራበት አለች። ተናደድኩ፤ ግን ልዋሽህ አልችልም፣ እኔም ማመን ጀምሬ ነበር። ባለቤቱን ያውቃል፣ እኔን አያውቀኝም አልኩ። እሱም እንደ አንተ ጥሎኝ የሚሄድ ነው አልኩ። ይህን ስልህ አትቀየመኝ፤ ያኔ ያልኩትን ነው የምነግርህ።

ዓርብ መጣ። ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ የመጋዘኑን በር ዘግተው ሠራተኞቹ ውስጥ በርበሬ ይቀነጥሱ ነበር። ኢክራ ከመጋዘኑ በላይ፣ ፎቁ ላይ ባለው ቤታችን ናት ብዬ ነበር፤ ለካ ብርድ ብሏት ወርዳ እነሱ መሀል ተቀምጣለች። የጁምዓ አዛን ሲሰማ ፎቅ ላይ አጥቻት መጋዘኑ ስገባ ጀርባዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ፣ አፏን ከፍታ፣ ዐይኗ እኔን ያያል። የሚነፋውን መድኃኒት ነፋሁላት። ደገምኩላት። ምንም ለውጥ የለም። የአንገቷ ሥር ጎድጉዶ እንደ ዋንጫ ሆነ፤ ጥፍሯ ሰማያዊ ሆነ። ስሟን ስጠራት አልመለሰችልኝም።

ጠሂራ ታክሲ ልትፈልግ ሮጣ ወጣች፤ ወዲያው ባዶ እጇን ተመለሰች። ጁምዓ ነው፤ ከአንዋር መስጊድ ጀምሮ መንገዱ በሙሉ ሰጋጅ ነው፤ መኪና ሁሉ ቆሟል። «ሐጀራ፣ ምን እናድርግ?» እያለችኝ እጇን ታማታለች። ሞተሩን አወጣሁት። ጠሂራ ልጅቱን ጀርባዬ ላይ አድርጋ በሁለት ነጠላ ከወገቤ ጋር አሰረችልኝ፣ ከላይ ሻርፕ አለበሰቻት። ስድስት ዓመቷ ነው፤ እንደዚያ ቀን ግን ቀልላኝ አታውቅም። ያስጠናኸኝን አንዱንም አልዘለልኩም። በመጀመሪያው ርግጫ ተነሣ።

ወደ አንዋር ስወጣ መንገዱ እስከማየው ድረስ የሰጋጅ ሰልፍ ነው። በጭቃው ላይ ላስቲክ አንጥፈው፣ ካፊያ እየወረደባቸው ሱጁድ ወርደዋል። ቆምኩ። በሰጋጅ መሀል ሞተር አይነዳም፤ እነሱም ሶላት ላይ ናቸው፣ ማን ተነሥቶ መንገድ ይስጠኝ? ጀርባዬ ላይ ደግሞ ትንፋሿ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይቀራል፤ በመጣ ቁጥር እኔም አብሬያት እተነፍሳለሁ። መለስኩትና በጓሮ ወደ ራጉኤል ታጠፍኩ። እንዳትጠፋ፣ ዛሬ ብቻ እንዳትጠፋ እያልኩ ሞተሩን እለምነዋለሁ። ሰው ብረት ሲለምን አይተህ ታውቃለህ?

የራጉኤልን ግቢ ግንብ ይዤ ስሄድ እንክ እንክ አለ። ከዚያ ጠፋ።

የኢክራ አባት፣ የዚያን ሰዓት ጭንቅ በምን ቃል ልንገርህ። ረገጥኩ። ረገጥኩ። በረገጥኩ ቁጥር የልጅቱ ራስ ጀርባዬ ላይ ይንገዋለላል። ያልተረትኩብህ ተረት የለም፤ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ያልኩህም ያን ጊዜ ነው። አጥሩ ሥር ጧፍ የምትሸጥ አሮጊት ጃንጥላዋን ይዛ መጥታ በላያችን ዘረጋችና «ልጄ፣ ቤንዚን ጨርሰሽ እንዳይሆን፤ እስቲ ክፈቺና እዪው» አለችኝ። ስለ ሞተር ምንም የምታውቅ ሰው አልነበረችም፤ ሰው ሲጨንቀው የሚለውን ነው ያለችው። እኔም ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። ላስቲኩ በዝናብ ጠብቆ አልፈታ አለኝ፣ ፌስታሉን በጥርሴ ቀደድኩት። ክዳኑን ስከፍተው ሰልባትዮው አየር ሳበ። ፍ-ስ-ስ ብሎ፣ ረጅም። ታፍኖ የቆየ ሰው አፉን ሲለቁት የሚስበውን አየር ነው የሳበው። ውስጡን አየሁ፤ ቤንዚኑ ሞልቷል።

ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም። ክዳኑን መለስኩ፣ ረገጥኩ፣ ተነሣ። አሮጊቷ «እመቤቴ ትከተልሽ» አለችኝ፤ አሚን አልኳት። አሁን ይጠፋል፣ እዚያ መታጠፊያ ጋ ይጠፋል፣ ዳገቱ ላይ ይጠፋል እያልኩ ስጠብቅ ሆስፒታሉ በር ደረስኩ። አልጠፋም። እኔ ራሴ ነኝ ያጠፋሁት፤ ወይም ዘበኛው አጥፍቶት ይሆናል፤ አላስታውስም። ነጠላውን በመቀስ ቆርጠው ነው ልጅቱን ከጀርባዬ ያወረዷት። ሐኪሙ በኋላ እንደነገረኝ ትንሽ ብንዘገይ ኖሮ የሚሠራላት ነገር አልነበረም።

ትናንት ጋሽ ፈለቀ ሊጠይቀን ብርቱካን ይዞ መጣ። የሆነውን ስነግረው እንደ ልማዱ አልቀለደም። «ፌስታሉን ሁልጊዜ ታስሪው ነበር?» አለኝ። አዎ አልኩት። ክዳኑ ላይ የፀጉር ያህል ቀዳዳ አለች፤ ቤንዚኑ ወደታች ሲወርድ በእሷ በኩል አየር መግባት አለበት፤ ከታፈነች ቤንዚኑ ሰልባትዮው ውስጥ እያለ ካርቡራተሩ ይራባል አለኝ። እሱ ዘንድ ሲሠራ የነበረው፣ ቤንዚን ሊያይ ሊሞላ እያለ ፌስታሉን አውልቆ ስለሚጥለው ነው። እኔ ደግሞ አንተን ታዝዤ መልሼ እያሰርኩ አፍነው ነበር። «ካርቡራተሩን ያን ያህል ጊዜ በከንቱ ነው የፈታሁት» አለና ወደ መስኮቱ ዞረ። ሴት አይወድም ያለኝን ግን አላነሣውም፤ እኔም አላነሣሁበትም። ብርቱካኑ ይበቃዋል።

አንተ ስትነዳ ከመነሣትህ በፊት ፌስታሉን ፈትተህ ኪስህ ትከተው እንደነበር አሁን ሳስበው ታየኝ። እጅህ ለምዶት ስለሚያደርገው አፍህ ሊነግረኝ አላሰበም። ተናድጄብሃለሁ። ዓርብን ባሰብኩ ቁጥር እናደዳለሁ። ክፉ አስበህ እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ፤ አጠገቤ ብትሆን ኖሮ በዐይኔ አይቼ እማረው የነበረ ነገር ነው። በስልክ ስለሆነ ቀረ።

ሐኪሙ የት እንደምንኖር ሲጠይቀኝ በርበሬ በረንዳ፣ መጋዘኑ ላይ አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ወደዚያ ቤት ከመለሻት የምሰጥሽ መድኃኒት ሁሉ ከንቱ ነው» አለኝ። ስለዚህ ወስኛለሁ። የጠሂራ እህት ኮልፌ ግቢዋ ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ቤት አከራየችኝ። ጠባብ ናት፤ ግን መስኮቷ ወደ ባሕር ዛፍ ነው የሚከፈተው። ሱቁን አልዘጋም፤ እሱ እንጀራችን ነው። ጠዋት ጠዋት ከኮልፌ መርካቶ፣ ማታ ደግሞ ከመርካቶ ኮልፌ በሞተሩ እመላለሳለሁ። ትራፊክ ቢይዝሽስ ትለኛለህ፤ መንጃ ፈቃድ ላወጣ ለትምህርቱ ተመዝግቤያለሁ፤ ከተመዘገብነው ውስጥ ሴት እኔ ብቻ ነኝ። ልጅቱ ኮልፌ ሳለች ደግሞ አሞኛል ብትለኝ የምደርስላት በእሱ ነው። ስለዚህ ሞተሩን አልልክልህም። ብትቆጣም፣ ሽማግሌ ብትልክም አልልክም።

አንተ የወጣኸው «የሚስቴ አባት መጋዘን ላይ አልኖርም» ብለህ ነው። እንግዲህ እኛም ወጥተንለታል። የኮልፌው የማንም አባት ቤት አይደለም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ልጽፍልህ አልፈልግም ነበር፤ ግን ብቻዬን ከበደኝ። ዓርብ ዕለት ዝናቡን ፈርቼ ሚስማር ላይ ጥለኸው የሄድከውን የቆዳ ጃኬትህን ለብሼ ነበር። ኢክራ መንገዱን ሁሉ ፊቷን ጃኬቱ ላይ ለጥፋ ነው የመጣችው። ትናንት ጠዋት ዐይኗን ስትገልጥ ድምፅ እንኳ አልነበራትም፤ ጆሮዬን አፏ ላይ አደረግሁ። «ያመጣኝ አባዬ ነው አይደል?» አለችኝ።

አዎ አልኳት።

«የት ሄደ?»

ሞተሩን ሊያቆም ሄዷል አልኳት።

ይኸው ከትናንት ጀምሮ በሩ ሲከፈት ራሷን ከትራሱ ቀና ታደርጋለች። ነርስ ሲሆን ትተኛለች። እኔም አብሬያት በሩን አያለሁ።

አላህ ካለህበት ይጠብቅህ፣ መንገድህን ያቅናልህ። እናትህን ሰላም በልልኝ።

የኢክራ እናት
ሐጀራ